የልጅ ቁመት ሲለካ ሳምባው ለምን ይረሳል?

በብዙ ቤቶቻችን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ወይም በከሰል የተሰመረ ምልክት ይታያል። እናት ልጇን ከመቃኑ ጋር አስጠግታ «ቀጥ በል፤ ተረከዝህን አታንሣ» ትልና ከአናቱ በላይ ትሰምራለች። በዓመቱ ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው በላይ ይሰመራል። ሁለቱ ምልክቶች ተራርቀው ከተገኙ ደስታ ነው፤ ተቀራርበው ከተገኙ ግን «ይህ ልጅ ምን ነካው?» የሚል አሳብ ይመጣል። ይህ የመቃን መዝገብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ የሳይንስ ደንብ አለ። ይኸውም እድገት የሚታወቀው በአንድ ልኬት ሳይሆን ልኬትን ከልኬት ጋር በማስተያየት ነው የሚለው ደንብ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ስንሄድ አንዲት እናት አንድ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው መኪና ሲጠብቁ አየን። በሌላው እጃቸው ትልቅ ፖስታ ይዘዋል። ፖስታው የራጅ ፊልም መያዣ መሆኑን በአካባቢው የሚመላለስ ሰው ሁሉ ከትልቅነቱ ያውቀዋል። ፀሐዩ በርትቶ ስለ ነበረ ሴትዮዋ ፖስታውን ከልጁ ራስ በላይ ዘርግተው አጠለሉት። ልጁ ከጥላው ሥር ሆኖ ያስል ነበር፤ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ አለፈ።

እኛም መንገዳችንን እየቀጠልን አንድ ጥያቄ አነሣን። የዚህ ልጅ ቁመት በቤቱ መቃን ላይ ተሰምሮ ይሆናል፤ ክብደቱም በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ሳምባው ግን በልኩ ማደጉን የሚያውቅ ማን ነው? በፖስታው ውስጥ ያለው ሥዕልስ ይህን ሊነግረን ይችላል ወይ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይመረምራል። በተለየ ካላመለከትን በቀር ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የራጅ ጥበብ አመጣጥ

ዊልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በቩርዝቡርግ ከተማ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር ያገኘው በኅዳር 8 ቀን 1895 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ይውላል። አባቶቻችን በዓድዋ ድል ያደረጉት በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ስለ ሆነ፣ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለው ጊዜ አራት ወር እንኳ አይሞላም። ሮንትገን የባለቤቱን እጅ ከነቀለበቷ በፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም አሳየ፤ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ግኝቱ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት እንዲሆን ብሎም የባለቤትነት መብት ሳይጠይቅበት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ደረትን በራጅ ማንሣት በዓለም ላይ እጅግ ከተለመዱት የራጅ ምርመራዎች አንዱ ሆኗል። ሐኪሙ ፊልሙን በብርሃን ፊት ሲይዘው አየር ያለበት ጥቁር፣ አጥንትና ፈሳሽ ያለበት ነጭ ሆኖ ይታየዋል። የሳምባ ምች የያዘው ክፍል፣ በሳምባ ነቀርሳ የተጎዳ ቦታ፣ በደረት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ ከመጠን ያለፈ ልብ፣ ይህ ሁሉ ይለያል። እንግዲህ ራጅ በሽታን ለመፈለግ የተመሰገነ መሣሪያ ነው። እድገትን ለመከታተል ያለው ችሎታ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሳምባ እንዴት ያድጋል?

ሕፃን ሲወለድ ሳምባው የተጠናቀቀ ሥራ አይደለም። ከዋናው የአየር ቧንቧ የሚነሡት ቅርንጫፎች ከመወለዱ በፊት ተሠርተው ያልቃሉ፤ ኦክሲጅን ወደ ደም የሚተላለፍባቸው እጅግ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች ግን ብዙዎቹ የሚፈጠሩት ከተወለደ በኋላ ነው። ሲወለድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት እነዚህ ከረጢቶች በሙሉ ሰው ሳምባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት የስድስት ሰዎችን ሳምባ መርምሮ አማካዩን ቁጥር 480 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል።

ቀድሞ የሐኪሞች መጻሕፍት የአየር ከረጢት መፈጠር በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ዕድሜ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እየሰፉ ይሄዳሉ እንጂ አይጨመሩም ይሉ ነበር። በ2012 ግን በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ7 እስከ 21 ዓመት የሚሆኑ 109 ልጆችና ወጣቶች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የሂሊየም ጋዝ እንዲስቡ አድርገው በኤም አር አይ መረመሯቸው። ሳምባቸው በስፋት እያደገ ሳለ የእያንዳንዱ ከረጢት ስፋት ግን በዚያው ልክ እንዳላደገ ተገነዘቡ። ከረጢቱ ካልሰፋ ሳምባው የሚያድገው በቁጥር እየጨመረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አዳዲስ ከረጢቶች እስከ ጉርምስና ድረስ እንደሚጨመሩ ተናገሩ። ይህም ለሁለት ነገር ይጠቅመናል። አንደኛ፣ በሕፃንነቱ የተጎዳ ሳምባ የሚያገግምበት ጊዜ ከታሰበው ይረዝማል ብለን ተስፋ እንድናደርግ ያስችለናል። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ዕድሜ በሙሉ ለሳምባ አሁንም የግንባታ ዘመን መሆኑን ያስገነዝበናል።

የሳምባ ጉልበት ከፍ ብሎ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ ጤነኛም ቢሆን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እንግዲህ ሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ያጠራቀመውን የትንፋሽ ሀብት ቀሪውን ዘመኑን ሁሉ እያወጣ ይኖራል ማለት ነው። በ2015 የታተመ፣ በአሜሪካና በዴንማርክ ብዙ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በኋላ ዕድሜያቸው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ ካገኛቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት ሳምባቸው ከሌላው ሰው ፈጥኖ የደከመ አልነበረም። ችግራቸው ገና ከመነሻው በወጣትነታቸው የነበራቸው አቅም ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በ60 ዓመቱ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው በሽታው የጀመረው ምናልባት በ6 ዓመቱ ነበር።

የሥዕሉ ምስክርነትና ወሰኑ

ሥዕልን ለእድገት መለኪያ ለማድረግ ያልተሞከረ አይደለም። በ1960 አሜሪካውያን ሐኪሞች ከፊትና ከጎን በተነሣ የደረት ራጅ ላይ ስፋትና ርዝመት እየለኩ የሳምባን ጠቅላላ አየር የመያዝ አቅም የሚያሰሉበትን መንገድ አሳተሙ። በ1972 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የልጅ እድገት ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጄምስ ታነርና ባልደረቦቹ ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆች የሳምባን ርዝመትና ወርድ የልብንም ስፋት ከራጅ ፊልም ለክተው ለሐኪሞች የሚያገለግል የእድገት መመዘኛ አወጡ። የበሩ መቃን ሥራ በራጅ ተሠራ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ይህ መንገድ ሦስት ችግሮች አሉበት። መጀመሪያ፣ የራጅ ሥዕል የጥላ ሥዕል ነው። እጃችንን ከመብራት ፊት ብናደርግ በግድግዳው ላይ የሚታየው ጥላ እንደ ርቀቱ ይተልቃል ወይም ያንሳል፤ የደረትም ጥላ እንደዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ ባለሙያው «ትንፋሽህን ስበህ ያዝ» ሲለው ሙሉ ሰው ይታዘዛል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ያለቅሳል። በስቅስቅታው መካከል የተነሣ ሥዕል ሳምባው ተሰብስቦ ሳለ ተይዞ እንደ ሆነ ትንሽ መስሎ ይታያል። አንባቢው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የጎድን አጥንቶችን የሚቆጥረው አየሩ በደንብ ተስቦ እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ችግር ጨረሩ ነው። በማደግ ላይ ያለ አካል ጨረር ከሙሉ ሰው ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ልጁም ገና ብዙ ዓመት ስለሚኖር ጉዳቱ የሚገለጥበት ጊዜ ሰፊ ነው።

እርግጥ ነው፣ የአንድ ደረት ራጅ ጨረር ጥቂት ነው፤ ማንኛውም ሰው ከምድርና ከሰማይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚቀበለው ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ሐኪም ለታመመ ልጅ ራጅ ሲያዝ ወላጅ ሊፈራ አይገባውም። ሲቲ ስካን ግን ከዚህ ይለያል። ሳምባን በስስ በስሱ እየከፈለ እውነተኛውን መጠን በሦስት ወገን ያሳያል፤ የጥላውንም ችግር ያስወግዳል፤ ዳሩ ግን እንደ መሣሪያውና እንደ አሠራሩ የራጁን ብዙ እጥፍ ጨረር ይሰጣል። በ2012 በእንግሊዝ አገር የታተመ ሰፊ ጥናት በልጅነታቸው ሲቲ ስካን የተደጋገመባቸው ሰዎች በደም ካንሰርና በአንጎል ዕጢ የመያዛቸው ዕድል ትንሽ ቢሆንም ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ጤነኛ ልጆችን ለእድገት ጥናት ሲባል ብቻ በየዓመቱ በጨረር ማንሣት ዛሬ የማይፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም አገር ከ1993 ጀምሮ በየጊዜው የወጡት የጨረራ መከላከያ አዋጆች ሕዝብን ከማያስፈልግ ጨረራ ለመጠበቅ የታሰቡ ናቸው።

ጨረር የሌላቸው መንገዶችም አሉ። አልትራሳውንድ የሳምባ ምችንና በደረት ውስጥ ያለ ውኃን በደንብ ያሳያል፤ ነገር ግን ድምፁ አየርን ስለማያልፍ ጤነኛ ሳምባ ምን ያህል እንዳደገ ሊለካ አይችልም። ኤም አር አይ በማግኔት ስለሚሠራ ለልጅ የማያሰጋ ነው። ለሳምባ ሥዕል የተዘጋጀ ዜኖን የተባለ ጋዝም በ2022 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ በሽተኞች ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ይህ በብዙ ገንዘብ የሚሠራ፣ በሀብታም አገሮችም ቢሆን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ሥዕል የሳምባን መልክ በአንድ ቀን ያሳየናል። እድገቱን ለማወቅ ግን ያለ ጉዳት ሊደጋገም የሚችል ልኬት ያስፈልጋል። ይህም ልኬት አለ፤ ስሙ ስፓይሮሜትር ይባላል። ልጁ በደንብ ተንፍሶ አየር ከሳበ በኋላ በአንድ ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፤ መሣሪያው በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንደ ወጣና ጠቅላላውስ ስንት እንደ ሆነ ይጽፋል። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ልጅ በጨዋታ መልክ ከተማረ ሊሠራው ይችላል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ዓይነት ስላለው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሊሠራበት ይቻላል።

የካሊፎርኒያ ልጆች

ይህን ቀላል መሣሪያ በትዕግሥት የሠሩበት ሰዎች ምን እንዳገኙ እንመልከት። በአሜሪካ በደቡብ ካሊፎርኒያ 12 ከተሞች ውስጥ የሚኖሩ 1,759 ልጆች ከ10 ዓመታቸው እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ በየዓመቱ ትንፋሻቸው ተለካ፤ የየከተማቸውም አየር በዚያው ጊዜ ተመረመረ። በ2004 የታተመው ውጤት ከባድ ነበር። ደቃቅ ብናኝ ባነሰበት ከተማ በ18 ዓመታቸው የትንፋሽ አቅማቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው ከመቶ 1.6 ሲሆኑ ብናኝ በበዛበት ከተማ ግን ከመቶ 7.9 ነበሩ። ይህ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ነገር ግን የታሪኩ መልካም ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። አገሩ በመኪናና በፋብሪካ ጭስ ላይ ሕግ እያጠበቀ ሄደና አየሩ ጠራ። በ2015 ያው ቡድን በተለያየ ጊዜ ያደጉ የሦስት ትውልድ ልጆችን፣ በጠቅላላው 2,120፣ እርስ በርሳቸው አስተያየ። በ15 ዓመታቸው የትንፋሽ አቅማቸው ዝቅተኛ የሆኑት በመጀመሪያው ትውልድ ከመቶ 7.9፣ በሁለተኛው 6.3፣ በሦስተኛው 3.6 ሆነው ተገኙ። አየር ሲጠራ ሳምባ ያድጋል ማለት ነው። ይህን ያስመሰከረው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ሳይሰለቹ ሃያ ዓመት ያህል መለካት ነው።

በሁለቱም ጽሑፎች ላይ ከተመዘገቡት ደራሲዎች አንዱ የስታቲስቲክስ ሊቁ ፕሮፌሰር ኪሮስ ብርሃነ ናቸው። እኒህ ሰው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አበራ ቁሜ ጋር ሆነው የኢትዮጵያን፣ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የሩዋንዳን ተመራማሪዎች የሚያስተባብር የአካባቢና የጤና ምርምር ማእከል መርተዋል። ማእከሉ ከሚመረምራቸው ርእሶች አንዱ የአየር ብክለትና የተማሪ ልጆች የመተንፈሻ ጤንነት ነው። እንግዲህ በካሊፎርኒያ የተፈተነው ዕውቀት ወደ አገራችን የሚመጣበት ድልድይ ከተዘረጋ ቆይቷል።

ወደ ልደታ እንመለስ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከኅዳር 2015 እስከ ኅዳር 2016 ድረስ በየስድስት ቀኑ የአየር ናሙና ይወሰድ ነበር። የተፈለገው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ስለሚያንስ አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ መጨረሻው የአየር ከረጢት ድረስ ይዘልቃል። የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 53.8 ማይክሮ ግራም ሆኖ ተገኘ። ናሙና ከተወሰደባቸው ቀናት ከመቶው 90 በሚሆኑት መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን አልፎ ነበር። ድርጅቱ በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ስለ መከረ፣ በዚያ ዓመት የተለካው አየር ከዚህ ምክር ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

አንባቢ ይህን ያስተውል፦ ልኬቱ የተወሰደው የአገሪቱ ትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታል ባለበት ግቢ ነው። በዚያ ሆስፒታል ከ2013 ወዲህ የሳምባና የጽኑ ሕሙማን ልዩ ሐኪሞች በአገር ውስጥ እየሠለጠኑ ነው። በውስጥ በኩል ሐኪሞች የልጆችን ሳምባ ለማዳን ይደክማሉ፤ በውጭ በኩል ያለው አየር ሥራቸውን ያፈርስባቸዋል።

የብናኙ ምንጭ የተሰወረ አይደለም። የተሽከርካሪ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የመንገድ አቧራ ዋናዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ በቤታችን የሚሆነውንም አንርሳ። ቡናው የሚፈላው በከሰል ነው፤ በኤሌክትሪክ እጥረት ቀን ወጡም እንዲሁ ነው፤ ሕፃኑ ደግሞ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ ይውላል። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ይባላል፤ እኛ ግን ንፍጡን ጠርገን ጭሱን እንተውለታለን።

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮችም አሉ። በ2015 ሥራ የጀመረው በልደታ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር ጭስ የለውም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። የሳምባ ምችን የሚከላከለው የኒሞኮከስ ክትባት ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አጠገብ ፕሮፌሰር ሄዘር ዛር ከመወለዳቸው ጀምሮ የሚከታተሏቸው ልጆች እንዳሳዩት፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሳምባ ኢንፌክሽን የያዛቸው ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው የትንፋሽ አቅማቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ክትባቱ ልጁን ከሞት ከማዳኑ በላይ የሚያድገውን ሳምባ ይጠብቅለታል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪኩ ባቡር፣ የመኪናው ክልከላና ክትባቱ ተደምረው የልደታን ልጅ ሳምባ ምን ያህል እንደ ጠቀሙ ለመናገር የሚያስችል፣ ልጆቹን ራሳቸውን በየዓመቱ የሚከታተል መዝገብ ያስፈልጋል።

በማን ሚዛን እንመዘን?

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ጥያቄ ይነሣል። የአዲስ አበባ ልጅ ትንፋሽ ቢለካ «በቂ ነው» ወይም «ያንሳል» የሚባለው ከማን ጋር ተመዝኖ ነው? በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ከ26 አገሮች የተሰበሰበ ከ74,000 በላይ ጤነኛ ሰዎች ልኬት የያዘ ነው፤ ለጥቁር ሕዝብ ያገለገለው ልኬት ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ጥቁሮች ነበር። መመዘኛውም የጥቁሩን ሰው ሳምባ ከመነሻው አነስ አድርጎ ይገምት ስለ ነበረ፣ በድህነትና በጭስ የተጎዳ ሳምባ «ለዘሩ ደንበኛ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። በ2023 የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዘርን የማይለይ መመዘኛ እንዲሠራበት መክሯል።

ለእኛ ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯም ስስ ነው። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በሰሜን በኩል በ3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን በ1,500 ሜትር ገደማ ካለችው ከአዲ አርቃይ ጋር አስተያይተው ነበር። በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የደገኛው ሰው ደረት ሰፋ ያለ፣ ትንፋሹም የበረታ መሆኑን ገለጡ፤ በ1972 ደግሞ ሌሎች ባልደረቦቻቸው የሁለቱን አገር ልጆች እድገት አጠኑ። ደገኛው በተፈጥሮው ሰፋ ያለ ሳምባ የሚኖረው ከሆነ፣ በቆላ ሰው ሚዛን «ደንበኛ» የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ በእውነቱ የጎደለው ሊሆን ይችላል። በሰው መቃን ላይ የተሰመረ ምልክት የእኛን ልጅ እድገት አይነግረንም። ይህንንም ጥናት ሌሎች መጥተው ሲሠሩልን ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ወዲያ የእኛ ተራ ነው።

ምን ይደረግ?

«በምች የሚሞት ሕፃን እያለ ስለ እድገት መለካት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ክብደት አለው። ክትባቱ፣ ምግቡ፣ ኦክሲጅኑና አንቲባዮቲኩ መቅደም አለባቸው። ነገር ግን ክብደት መለካትም በጊዜው ቅንጦት ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን በየጤና ኬላው ሚዛን ተሰቅሎ የተራበውን ልጅ አጥንቱ ሳይገጥጥ ይለይልናል። የሳምባም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛው፣ የተነሣ ሥዕል ይጠበቅ። እኛ ራሳችን በልጅነታችን ለሳል ራጅ ተነሥተን ነበር። ፊልሙ በሣጥን ላይ ለዓመታት ተጥሎ ከቆየ በኋላ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ለግርዶሹ መመልከቻ ተቆራረጠ። ይህም ለዓይን አደገኛ ሥራ እንደ ነበረ ያወቅነው በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት የቀድሞው ሥዕል ከጠፋ ሐኪሙ አዲሱን ከምን ጋር ያስተያየዋል? እንደገና ማንሣት ደግሞ ለልጁ ተጨማሪ ጨረር፣ ለወላጁ ተጨማሪ ወጪ ነው። ሥዕሎች ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወሩ ባሉበት በዚህ ዘመን የአንድ ልጅ ሥዕሎች በአንድ መለያ ቁጥር ተሰብስበው ከሆስፒታል ሆስፒታል እንዲተላለፉ ማድረግ በወጣት ባለሙያዎቻችን እጅ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ጤነኛ ልጅ ለመለካት ሲባል በጨረር አይነሣ። ሲቲ ስካንም «ለማንኛውም» ተብሎ አይታዘዝ። ሥዕል ለበሽታ፣ ትንፋሽ መለካት ለእድገት ይሁን።

ሦስተኛው፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይጀመር። ከልደታ፣ ጭስ ካነሰበት ሌላ ሰፈርና ከአንድ የገጠር ወረዳ የተመረጡ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና ትንፋሻቸው አብሮ ይለካ። የአንዱ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገር ይሆናል፤ የአምስት ዓመቱ ግን ይናገራል፤ የአሥር ዓመቱ ሕግ ያወጣል።

አራተኛው፣ አየሩ አብሮ ይለካ። የልጁ ትንፋሽ ያለ አየሩ ቁጥር ቢጻፍ በሽታውን አውቆ ምክንያቱን አለማወቅ ይሆናል። የአየሩ ቁጥር ያለ ልጁ ትንፋሽ ቢጻፍ ደግሞ ባለሥልጣን የማያነበው ሠንጠረዥ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ከንቲባም፣ የትራንስፖርት ሹምም፣ ወላጅም ያነቡታል።

ይህን የምንጽፈው በተለይ ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው በሕክምና፣ በስታቲስቲክስ ወይም በምሕንድስና ትምህርት ላይ ያለው ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ የሚል ቢኖር እነሆ ርእስ። ሁለተኛው በየቢሮው አዲስ የተቀጠረው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እሱ ዛሬ የሚከፍተው መዝገብ ፍሬ የሚያፈራው ምናልባት ወደ ሌላ ሥራ ከተዛወረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ምስጋናውን አይጠብቅ። የካሊፎርኒያው መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ውጤቱ ሲታተም የልጆች ወላጆች ለመሆን ደርሰው ነበር።

በልደታ መንገድ ላይ በፖስታው ጥላ ሥር ያየነው ልጅ ዛሬ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቱ ነው ብለናል። ሳምባው ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል ያድጋል። በዚያ ፖስታ ውስጥ ያለው ሥዕል ለእሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ሁለተኛውን ምልክት የማስመር ሥራ ግን የእናቱ ብቻ አይደለም።